ጎሉን በቆርኪ

የመጀመሪያ ቻናሌን ዩቲዩብ ላይ የቀበርኩት በሦስት ስትራይክ፣ ማለትም በሦስት የቅጂ መብት ጥሰት ቅጣት፣ ነው። የአውሮፓ ኳስ ጎሎችን ቆርጬ የራሴን የአማርኛ ኮሜንታሪ እጭንባቸው ነበር። ድምፁ የኔ፣ ቀልዱ የኔ፤ ቪዲዮውም የኔ መስሎኝ።

"ምስሉን ገልብጠው" አለኝ ጓደኛዬ። ገለበጥኩት፤ ቀኝ እግረኛው ሁሉ ግራኝ ሆነ። ፍሬም ለጠፍኩበት፣ ፍጥነቱን ጨመርኩ። ወይ ፍንክች! ባለመብቱ ዋናውን ቪዲዮ አስቀድሞ ይሰጣል፤ የኔን ከዚያ ጋር የሚያመሳክረው ማሽን ነው። ማሽን ደግሞ ይሉኝታ አያውቅም።

ክሌይምና ስትራይክ ለየቅል መሆናቸውንም ዘግይቼ ነው ያወቅኩት። ክሌይም ባለመብቱ "ይሄ የኔ ነው" ሲል ነው፤ በሱ ብዙ ጊዜ የሚሄደው የማስታወቂያው ገንዘብ ነው። ስትራይክ ግን በ90 ቀን ውስጥ ሦስት ከሞላ ቻናሉን ጠራርጎ ይወስዳል። እኔ ሁለቱንም "ያው ነው" እያልኩ ሳልፍ ሦስተኛው መጣ።

"እኛ አይደለን እንዴ በነፃ የምናስተዋውቅላቸው?" እያልኩ ላገኘሁት ሁሉ አማረርኩ። እውነቱን ለመናገር ንዴቱ ዛሬም ሙሉ በሙሉ አልወጣልኝም። የአሥር ሴኮንድ ጎል ማንን ያከስራል? ግን የኛኑ የቅጂ መብት አዋጅ፣ 410/1996ን፣ ሳነብ ብሮድካስተር በስርጭቱ ላይ 20 ዓመት መብት አለው። ምስሉ የነሱ ነው። ጎል መግባቱ ግን የማንም አይደለም። በስንተኛው ደቂቃ፣ በማን እግር ገባ ብዬ ባወራ ማን ይከለክለኛል?

ከሰፈር ግሮሰሪ ቆርኪ ለቀምኩ። አረንጓዴ ጨርቅ አነጠፍኩ። ስልኬን ወንበር ላይ በፕላስተር አስሬ ቁልቁል አዞርኩት። ኳሷ ሽምብራ ናት። ቆርኪውን ጥቂት ገፋ፣ ፎቶ፤ ገፋ፣ ፎቶ። ለአንድ ሴኮንድ 12 ፎቶ። የመጀመሪያዬ በፈረንጆቹ የ2019ኙ ሊቨርፑል ከባርሴሎና ነበር፤ ያቺ በ79ኛው ደቂቃ የሊቨርፑሉ አርኖልድ ሊሄድ መስሎ ተመልሶ በድንገት የመታት ኮርና። የባርሴሎናን ቆርኪዎች ዝም ብዬ አቆምኳቸው። ያን ቀንም የቆሙት እንደዚያው ነበር። እናቴ የቆርኪውን ክምር አይታ "ልጄ፣ መጠጥ ጀመርክ እንዴ?" አለችኝ።

ባለፈው ክረምት አንድ ሰው ያቺኑ ጎል ስሜን ቆርጦ፣ የራሱን ሎጎ ለጥፎ ለቀቃት። ጻፍኩለት። "ወንድሜ፣ እያስተዋወቅኩልህ እኮ ነው" አለኝ። አባባሉን የት እንደማውቀው ትዝ ሲለኝ ብቻዬን ሳቅኩ። ከዚያ የቅጂ መብት ቅሬታ ቅጹን ከፍቼ መሙላት ጀመርኩ።