ማክ ወይስ ዊንዶውስ፦ ሙሽሪት ስትገባ ላፕቶፔ ከዳኝ

ነገሩ የጀመረው ጥር ላይ፣ በዲጄነት የምሠራበት አንድ ሰርግ ውስጥ ነው። አዳራሹ ሞልቷል። ሚዜዎቹ በር ላይ ተሰልፈዋል። የመግቢያውን ዘፈን ለቀቅኩ። ሙሽሪት ሁለት እርምጃ እንደተራመደች ስፒከሩ "ጠጥ... ጠጥጥ" ማለት ጀመረ። ፈንዲሻ የሚፈነዳ ነው የሚመስለው። ሳውንድ ማኑ "ምንድን ነው?" በሚል ዓይን አየኝ። የሙሽሪት አጎት እንዴት እንዳዩኝ ደግሞ ባልናገረው ይሻላል።

ያን ሌሊት "ዊንዶውስ በቃኝ፣ ማክ እገዛለሁ" ብዬ ተኛሁ። የማውቀው ዲጄ ሁሉ የሚመክረው ይህንኑ ነበር። ደግሞም የአፕል ምልክቷ ፖም መድረክ ላይ ስትታይ ደንበኛ የበለጠ ያከብርሃል። አይቼዋለሁ።

መጀመሪያ አንድ ሱቅ ገብቼ ስላሽ ማክቡክ አየሁ። ዋጋው ያጓጓል። ደግነቱ አንድ ወዳጄ "ውስጡ ያለውን ሁሉ አስጠፍተህ እንደ አዲስ ሲከፈት ሳታይ ብር እንዳትሰጥ" ብሎኝ ነበር። ባለሱቁ እያጉረመረመ አጠፋው። ዋይፋይ ሲያገኝ ኮምፒውተሩ በአንድ ድርጅት ስም ተመዝግቦ ከርቀት እንደሚተዳደር የሚናገር ጽሑፍ መጣ። ውጭ አገር ያሉ ኩባንያዎች ለሠራተኛ የሚሰጡትን ማክ እንዲህ ይመዘግባሉ። ድርጅቱ ራሱ ካልለቀቀው እንደገና ባጠፋኸው ቁጥር ያው ጽሑፍ ይመለሳል። የቀድሞው ባለቤት ከአይክላውዱ ካልወጣም ጣጣው ተመሳሳይ ነው። ትቼው ወጣሁ።

ቨርጂኒያ ያለችው የአክስቴ ልጅ ለፋሲካ ስለምትመጣ ማክ እንድትገዛልኝ ለሷ ብር ላክሁ። ግን ጾም እስኪገባ ቀብድ የተቀበልኩባቸው አራት ሰርጎች አሉ። በዚያው ፈንዲሻ ልጫወት? ወድጄ ሳይሆን ተገድጄ ችግሩን መፈለግ ጀመርኩ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ኮምፒውተር ድምፅን እንደ ቧንቧ አያፈስም፣ በጀሪካን ነው የሚያቀብለው። ባፈር የሚባለው ጀሪካኑ ነው። 512 ሳምፕል (የድምፅ ቁራጭ) ላይ ካደረግከው፣ በ44.1 ኪሎኸርዝ (በሰከንድ 44,100 ቁራጭ)፣ በየ11.6 ሚሊሰከንዱ አንድ ጀሪካን ሞልቶ መድረስ አለበት። 128 ካደረግከው በየ2.9 ሚሊሰከንዱ። መንገድ ላይ አንድ ሌላ ሥራ ካስቆመው፣ ያቺ ክፍተት ናት ፈንዲሻዋ። ክራር ስትቀዳ ወይም ኪቦርድ ስትጫወት ትንሹ ጀሪካን ያስፈልግሃል፣ አለበለዚያ ድምፁ ከጣትህ ኋላ ይቀራል። ለዲጄ ግን ትልቁ ይበቃል። እኔ ሰርግ ላይ 128 አድርጌ ነበር የምጫወተው። ለምን? እንጃ፣ ጎበዝ የሚያስመስል መስሎኝ።

ሌተንሲሞን የሚባል ነፃ ፕሮግራም ጭኜ አስቋሚው ማን እንደሆነ አየሁ። የዋይፋይ ድራይቨሩ (ዋይፋዩን ከዊንዶውስ ጋር የሚያግባባው ፕሮግራም)! ሰርግ ላይ ዋይፋይ ምን ያደርግልኛል? ዘጋሁት። ባትሪ ለመቆጠብ ፕሮሰሰሩን የሚያዘገየውን ሴቲንግ ቀየርኩ፣ ዩኤስቢውም እንዳይተኛ ከለከልኩ። ከሁሉ የሚያሳፍረው ግን የኮንትሮለሬን (ዘፈን የምቀላቅልበትን ሰሌዳ) አሲዮ ድራይቨር፣ ማለትም ድምፁን በዊንዶውስ በኩል ሳያዞር በቀጥታ የሚያደርሰውን፣ ጭኜው አላውቅም ነበር። አሲዮ እኮ ስታይንበርግ ካወጣው ከ1997 ጀምሮ ያለ ነገር ነው። ማክ ላይ ይህን ሥራ የሚሠራው ኮር ኦዲዮ ከሲስተሙ ጋር አብሮ ስለሚመጣ ይህ ጣጣ የለም። "የማክ ድምፅ ይበልጣል" የሚባለውም ከዚህ የመጣ ይመስለኛል። ሳውንድ ካርዱ አንድ ከሆነ ድምፁ ያው ነው።

አራቱ ሰርጎች ያለ አንዲት ፈንዲሻ አለፉ። ማኩ ግን መንገድ ላይ ነበር።

መጣ። ኤም ዋን ማክቡክ ኤር፣ 8 ጊጋ ራም። በእውነት ደስ ይላል። ፋን ስለሌለው ማይክራፎን አጠገቡ አስቀምጬ ማሲንቆ እቀዳለሁ። ትልቁ ጥቅሙ ግን ባትሪው ነው። ጀነሬተር ላይ ቻርጀር ስትሰካ ስፒከሩ ውስጥ የሚገባውን "ኡምምም" የምታውቁት ታውቁታላችሁ። ማኩን ቻርጀር ሳልሰካ ሰርጉን እጨርሳለሁ።

ከዚያ ጣጣው ተከተለ። ዘፈኖቼ ያሉበት ሃርድ ዲስክ በዊንዶውሱ ኤንቲኤፍኤስ ፎርማት የተደረገ ነው። ማክ ያነበዋል እንጂ አይጽፍበትም። ሁሉንም ማክም ዊንዶውስም ወደሚጽፉበት ኤክስኤፋት ዲስክ ስገለብጥ ሌሊቱ ነጋ። ሁለት የዩኤስቢ ሲ ቀዳዳ ብቻ ስላለው ሃብ (ቀዳዳ ማብዣ) ገዛሁ። እስክስታው ሲሞቅ ጠረጴዛው ይነቃነቃል፣ ሃብም አብሮ። አሁን በፕላስተር ነው የማስረው። ራሙም የተበየደ ስለሆነ አይጨመርም። የድሮው ላፕቶፕ ላይ ግን መርካቶ ሄጄ 16 ጊጋ አድርጌዋለሁ።

ሙዚቃ የምሠራው በኤፍኤል ስቱዲዮ ነው። እስከ 2018 ድረስ ዊንዶውስ ላይ ብቻ ነበር፣ አሁን ያው ፈቃድ ለሁለቱም ይሠራል። ሆኖም የድሮ ፕሮጀክቶቼን ማኩ ላይ ስከፍት ግማሹ ድምፅ የለም፣ ፕለጊኖቹ (ኤፍኤል ውስጥ የሚገጠሙት ተጨማሪ የድምፅ ፕሮግራሞች) የዊንዶውስ ብቻ ናቸው። ሎጂክ ፕሮ የሚባለው የአፕል ሙዚቃ መሥሪያ ያጓጓኛል፣ እሱ ደግሞ ዊንዶውስ ላይ የለም። አብሬው የምሠራው አቀናባሪ ደግሞ ዊንዶውስ ላይ ነው። ፕሮጀክት እየተላላክን በየጊዜው "ይሄ አልከፈተልኝም" ከመባባል እሱን መከተል መረጥኩ። (ችክችካ ላይ ግን ማክም ዊንዶውስም እኩል ናቸው። የዲጄ ሶፍትዌሬ ሁሉን ነገር በአራት ስለሚቆጥር፣ 6/8 ሲመጣ ግሪዱን (የምት መስመሮቹን) በእጄ ነው የማስተካክለው።)

ስለዚህ ማኩ መድረክ ይወጣል፣ ዊንዶውሱ ቤት ይሠራል፣ በሰርግ ቀን ደግሞ ዘፈኑን ሁሉ ይዞ ቦርሳ ውስጥ ተጠባባቂ ነው። ብሩን ከመላኬ በፊት ሌተንሲሞንን ባውቅ ኖሮ ማኩን እገዛ ነበር? አይመስለኝም። በዚያ ብር ጥሩ ሞኒተር ስፒከርና የሚታመን ሳውንድ ካርድ እገዛ ነበር።

ማኩ ሰሞኑን "አዲስ ማሻሻያ አለ" እያለ ይጨቀጭቀኛል። አንዴ ቸኩዬ አሻሽዬ ሁለት ፕለጊን አልከፍትም ስላሉኝ፣ አሁን "ነገ አስታውሰኝ" የምትለዋን ነው የምጫነው። ሰርጉ አልቆ ጾም ሲገባ አየዋለሁ።