አንድ ሳጥን፣ ሁለት ስም፦ ከሐረር ጀጎል

ከአዲስ አበባ ድሬዳዋ፣ ከድሬ ሐረር ያለውን መንገድ እንቅልፍ በላው። ስደርስ መሽቷል። ወደ ማደሪያዬ የወሰደኝ ባጃጅ 200 ብር ተቀበለኝ። በማግስቱ በእግሬ ስሄደው መንገዱ እፍኝ አይሞላም! ማደሪያው ደግሞ ውሃ የለውም። አንድ ባልዲ ሰጡኝና "ነገ ይመጣል" አሉኝ። ነገም አልመጣም።

የሄድኩት የጀጎልን፣ በግንብ የታጠረችውን የሐረር አሮጌ ከተማ፣ ነባር ቤቶችና የሰፈር ስሞች ከሚመዘግቡ ሰዎች ጋር ለመሥራት ነው። ጀጎል በ1998 ዓ.ም. ዩኔስኮ መዝገብ ላይ ሰፍሯል። የእኛ ሥራ ግን ከዚያ ወረድ ያለ ነው፤ በር ማንኳኳት፣ ግድግዳ መለካት፣ ስም መጠየቅ።

ቅጹ ላይ "የቦታው ስም" የሚል ጠባብ ሳጥን አለ። ጣጣው ከእሱ ጀመረ። በደቡብ በኩል ካለው በር ስር የተቀመጡ ሽማግሌ "ምን ብለህ ልትጽፍ ነው?" አሉኝ።

"ቡዳ በር ነው የሚሉት፣ አባባ።"

"እነማን? እኛ በድሮ በሪ ነው የምንለው።"

ሸዋ በርም በሐረሪዎቹ አስማዲን በሪ ነው፤ ኤረር በር አርጎብ በሪ። አለቃችንን በስልክ ብጠይቀው "አንዱን ምረጥ" አለኝ። እኔ የፒያሳ ልጅ ነኝ። በ2016 ሰፈሬ ሲፈርስ የተረፈልኝ ስሙ ነው። አንዱን ምረጥ የሚለኝን ሰው አልወደውም። ሁለቱንም አጣብቄ ጻፍኳቸው።

መኪና ግርግር የሚባለው የልብስ ሰፊዎች መንገድ ላይ ግን ተገላገልኩ። ልብስ ሰፊዎቹ በረድፍ ተቀምጠው የስፌት መኪናቸውን ሲያንቀጫቅጩ ስሙን ማንም አይከራከርበትም። "ራምቦ ቤት" ላይ እንደገና ተያዝኩ። ፈረንሳዊው ገጣሚ አርተር ራምቦ ሐረር መኖሩ እውነት ነው፤ ያ ባለደርብ ቤት ግን ከእሱ በኋላ በህንድ ነጋዴ የተሠራ ነው። ስሙ ሳጥኑ ውስጥ ገባ፣ ነጋዴው አስተያየት መስጫው ላይ።

ከምሳ በኋላ ሥራ የለም። በርጫ፣ የጫት ሰዓት፣ ተጀምሯል፤ የሚከፍትልህ በር አታገኝም። መጀመሪያ ተናደድኩ፣ ኋላ እኔም መተኛት ለመድኩ።

የወደድኩት ጠዋት ጠዋት የምንገባባቸውን ቤቶች ነው። አንዲት እናት ጫማዬን አስወልቀው "ጊዲር ጋር" ወደሚሉት ዋናው ክፍል አስገቡኝ። ከፍና ዝቅ ያሉት ነደባዎች፣ መቀመጫ መደቦቹ፣ በቀይ አፈር ተለቅልቀው ምንጣፍ ለብሰዋል። ግድግዳው ስፌትና ሳህን ብቻ ነው። አሚር ነደባ ላይ ልወጣ ስል "እሱ የአባወራው ነው" ብለው ዝቅ ያለው ላይ አስቀመጡኝ። የሜትሩን ጫፍ ራሳቸው ያዙልኝ። መሃል ላይ ግን ለቀቁት።

"ልጄ፣ ቤቱ የትም አይሄድም። ብላ።"

ሁልበት መረቅ የሚሉት የአብሽ ወጥ ቀረበ። አብሽ ቤታችን ውስጥ መድኃኒት ነው፤ እዚህ ጣት ያስልሳል። ጠግቤ ተነስቼ የቤቱን ስም ብጠይቃቸው የባላቸውን አባት ስም ነገሩኝ። ጎረቤቲቱ ከደጅ ሆና ሰማችና "ኧረ እሱ ሳይገዛው በፊት ሌላ ስም ነበረው" አለች። ቅጹን ገልብጬ በጀርባው መጻፍ ጀመርኩ።