ቡናዬን አንድ ሰዓት ያዘገየችው ክኒን

ኮዬ ፈጬ ከገባን ሦስት ዓመት ሆነን። ከተጋባን አራት። ይህን ያህል ቆይቶ ልጅ ያልመጣለት ቤት ኮንዶሚኒየም ውስጥ ምን እንደሚሰማው ያየ ያውቀዋል። ቡና ላይ ወሬው ቆም ይልና ዓይን ሁሉ ሆዴ ላይ ያርፋል። አማቴ በመጡ ቁጥር አንድ አዲስ ጠበል ይነግሩኛል። በክፋት አይደለም፣ እኔም ወድጄ ሄጃለሁ። አንገቴን ግን ማንም አላሰበውም፣ እኔም ጭምር።

ምልክቱ እኮ ነበር። የወር አበባዬ አንዴ በ45 ቀን፣ አንዴ በ60 ቀን ይመጣል፣ ሲመጣ ደግሞ አይጣል ነው። ፀጉሬ በማበጠሪያ እየተጠቀለለ ይወጣል። ሌላው በቲሸርት ሲሄድ እኔ ጋቢ ደርቤ እንቀጠቀጣለሁ፤ ብርዱን በሰፈሩ ንፋስ፣ ድካሙን በታክሲ ሰልፍ አሳበብኩ። አንድ ክሊኒክ "ጭንቀት ነው፣ ዘና በይ" ብሎ ቫይታሚን ሰጥቶ ሸኘኝ። እስካሁን ያናድደኛል። ሴት ሲደክማት መልሱ ሁሌ ጭንቀት መሆን የለበትም።

በኋላ አንዲት ሐኪም እጇን አንገቴ ላይ አድርጋ "ምራቅሽን ዋጪ" አለችኝ። ደም አዘዘች። ታይሮይድ የምትባለውን የአንገት እጢ የሚያዘው፣ ቲ.ኤስ.ኤች የሚባለው ሆርሞን 38 ሆኖ መጣ። ጤነኛ ሰው ላይ ከ4 ብዙም አያልፍም።

ታይሮይድ ከማንቁርት በታች ያለች፣ ቢራቢሮ የምትመስል እጢ ናት። ስታብጥ እንቅርት የምንላት እሷን ነው። የምታመነጨው ሆርሞን ሰውነት በምን ፍጥነት እንደሚሠራ ይወስናል፤ ሙቀቱን፣ የልብ ምቱን፣ አንጀቱን ሳይቀር። አዛዧ ደግሞ አንጎል ሥር ያለችው፣ ሽምብራ የምታክለው ፒቱታሪ ናት። ነገሩ የገባኝ ጣሪያችን ላይ ባለው ሮቶ ነው። ውሃው ሲሞላ ተንሳፋፊው ኳስ ተነስቶ ቧንቧውን ይዘጋል፣ ሲጎድል ይወርድና ይከፍተዋል። የታይሮይድ ሆርሞን ሲበቃም ፒቱታሪ ዝም ትላለች፣ ሲያንስ ቲ.ኤስ.ኤች እየላከች "ጨምሪ" ትላለች። የኔ 38 የሆነው አዛዧ እየጮኸች ታይሮይዴ መስማት ስላቃታት ነበር። ምክንያቱ የሰውነቴ መከላከያ ራሱ እጢዋን ማጥቃቱ ነው፤ ሃካሩ ሃሺሞቶ የተባለ ጃፓናዊ ሐኪም እ.ኤ.አ. በ1912 የገለጸው በሽታ ነው፣ ስሙም በሱ ተጠርቷል።

ታዲያ ከማህፀን ጋር ምን አገናኘው? እኔም ይህንኑ ጠየቅኩ። ታይሮይድ ሲደክም፣ ከፒቱታሪ በላይ ያለው ሃይፖታላመስ ትእዛዙን ያበረታል፣ ያ ትእዛዝ ግን ፕሮላክቲንንም አብሮ ይጨምራል። ፕሮላክቲን ወተት የሚያመጣው ሆርሞን ነው። ሲበዛ እንቁላል የሚያበስሉትንና የሚያስለቅቁትን ሆርሞኖች ያፍናል። የምታጠባ እናት የወር አበባዋ የሚዘገይበት አንዱ ምክንያትም እሱ ነው። እንቁላል ካልተለቀቀ የማህፀንን ግድግዳ የሚያረጋጋው ሆርሞን፣ ፕሮጄስትሮን፣ በወጉ አይመጣም፣ የማህፀን ግድግዳ ሲወፍር ይከርምና አንድ ቀን እንደ ጎርፍ ይወርዳል። የኔ 60 ቀን ይኸው ነበር።

አያቴ አንገቷ ላይ ንቅሳት ነበራት። ጌጥ ይመስለኝ ነበር፣ ለካ ለእንቅርቷ ነው የተነቀሰችው። የደጋው አፈር አዮዲኑ በዝናብ ታጥቦ ያለቀ ነው፣ ያለ አዮዲን ደግሞ ታይሮይድ ሆርሞን መሥራት አትችልም። አዮዲን ያለው ጨው ስትገዙ ክዳን ባለው ዕቃ አስቀምጡት፣ ፀሐይ አታስመቱት፣ ወጥ ሊወጣ ሲል ጨምሩት። የኔን ዓይነቱን ግን ጨው አያድነውም።

እኔ የምወስደው ሌቮታይሮክሲን የሚባል፣ የጎደለውን የታይሮይድ ሆርሞን የሚተካ ክኒን ነው። ጠዋት በባዶ ሆድ፣ በውሃ ብቻ። ቡና ክኒኑ ወደ ደም እንዳይገባ ስለሚያደናቅፍ አንድ ሰዓት እጠብቃለሁ። የብረትና የካልሲየም ክኒን ደግሞ 4 ሰዓት ይራቅ ተብያለሁ። መጠኑን ሐኪም በደም ምርመራ ነው የሚያስተካክለው፣ ከጎረቤት ተበድራችሁ እንዳትውጡ። ለውጡ ቶሎ አይታይም፣ ደሜ እንደገና የታየው ከ6 ሳምንት በኋላ ነው። በአምስተኛው ወር የወር አበባዬ በ31 ቀን መጣ። ካላንደሩ ላይ ሳከብበት አለቀስኩ።

አንድ ነገር ደግሞ ልጨምር። የወንድ ፍሬም የሚታዘዘው በዚያችው ፒቱታሪ ነው። ቴስቶስትሮኑም ዘሩም የሚመረተው ከሷ በሚመጡ፣ ሴት ላይ እንቁላል በሚያበስሉት በነዚያው ሆርሞኖች ትእዛዝ ነው። አራት ዓመት ሙሉ ግን ባለቤቴን አንድ ሰው "ተመርመር" አላለውም። ይህን ለአማቴ ቁጭ ብዬ ነገርኳቸው። ዝም ብለው ሰሙኝ፣ ከዚያ "እሱም ይታያ" አሉ። ቀጠሮዬ የፊታችን ማክሰኞ ነው። አብረን እንሄዳለን፣ እሱም ደም ይሰጣል።