ጊታሬ የሽንኩርት ዋጋ ተናገረ

ባለፈው ቅዳሜ ማታ፣ ፒያሳ፣ ሰው በሞላበት ቤት፣ ጊታሬ የሽንኩርት ዋጋ ተናገረ።

እያጋነንኩ አይደለም። ተናገረ። በአማርኛ፣ በወንድ ድምፅ፣ «ቀይ ሽንኩርት በኪሎ» አለ። ዛሬ ሐሙስ ነው፤ አሁንም ይሰማኛል። ፊቴን ስታጠብ ይሰማኛል። ታክሲ ውስጥ ረዳቱ «ሒሳብ!» ሲል ክው እላለሁ።

ጥፋቱ የማን እንደሆነ ግን አውቃለሁ። የባለኮፍያው ነው።

ባለኮፍያው ዩቲዩብ ላይ የጊታር ዕቃ የሚገመግም ፈረንጅ ነው። ስሙን ተዉት። ከኋላው ግድግዳው ላይ አሥራ አንድ ጊታር ተሰቅሏል። ለመቁጠር ጊዜ ነበረኝ፣ ምክንያቱም የቀይዋን ፈዝ ፔዳል (በእግር ሲረግጧት የጊታሩን ድምፅ የምታሻክር ሳጥን ናት) ቪዲዮ ዘጠኝ ጊዜ አይቼዋለሁ። አሥራ ስምንት ደቂቃ ነው። በሞባይል ዳታ። ለፓኬጅ ያፈሰስኩትን ብደምረው ቢያንስ የፔዳሏን አንድ ማዞሪያ ይገዛል።

ሰውየው ፔዳሏን ረገጥ ያደርጋል፣ አንድ ክር ይነካል፣ ዓይኑን ይጨፍናል፣ ከዚያ «ዋው» ይላል። እኔም አልጋዬ ላይ ተኝቼ፣ መስታወቱ በተሰነጠቀ ስልክ «ዋው» እላለሁ። ሁለታችንም ዋው።

ፈዝ እኮ ሲጀመርም ብልሽት ነው። አሜሪካ፣ ናሽቪል ውስጥ፣ አንድ ስቱዲዮ ሚክሰሩ ተበላሽቶ የመሣሪያውን ድምፅ ሲያሻክረው ሰው ወደደው። በ1962 እ.ኤ.አ. ማኤስትሮ ፈዝ ቶን የምትባለው ሳጥን ገበያ ወጣች። ብልሽቱን አሽገው መሸጥ ጀመሩ ማለት ነው። እኔም ያንኑ ብልሽት በ99 ዶላር ገዛሁ። ዶላር ከሐምሌ 2016 በፊት 57 ብር ገደማ እንደነበር ታስታውሳላችሁ። አሁን ስንት እንደሆነ እናንተው ሒሳቡን ሥሩት፤ እኔ አቅም የለኝም።

የአክስቴ ልጅ ለሠርግ ስትመጣ በሻንጣዋ ይዛልኝ መጣች። በሕፃን ዳይፐር ጠቅልላ። ቻርጀሯን አብራ አምጥታ ነበር፣ ግን እዚህ ላይ አልተሸወድኩም። የአሜሪካ 120 ቮልት የኛ 220 ላይ ሲሰካ ምን እንደሚሆን እኛ ቤት በደንብ ይታወቃል። እናቴ ሁለት ብሌንደርና አንድ የፀጉር ማድረቂያ በጭስ ሸኝታለች። ስለዚህ ባለ 9 ቮልት ባትሪ ገዛሁ። በጥንቃቄዬ እየኮራሁ።

ቤት ውስጥ ሞከርኳት። አጭር ኬብል፣ ትንሽ አምፕ (የጊታር ድምፅ ማጉያ)፣ ድምፁን ዝቅ አድርጌ፤ ጎረቤት አለ። ደስ ትላለች። እንደ ባለኮፍያው አልሆነችም፣ ግን ጣቴ ነው ብዬ ራሴን ወቀስኩ።

ወደ ቅዳሜ ልምጣ።

ትዝታ እየተጫወትን ነው። ድምፃዊቷ ስንኟን ስትጨርስ ባንዱ በሙሉ ቀጥ ይላል፣ ሁለት ሜዠር ዝምታ፣ ከዚያ እኔ ብቻዬን በፈዝ እገባለሁ። ሐሳቡ የኔ ነው። ልምምድ ላይ «እመኑኝ» ያልኩትም እኔ ነኝ።

ድራመሩ ዱላውን አነሣ። ቤዙ ቆመ። ኪቦርዱ ቆመ። ቤቱ ጭጭ አለ፤ አስተናጋጁ እንኳ ትሪውን እንደያዘ ቆመ። በግራ እጄ ክሮቹን አፈን አደረግሁና ፔዳሏን ረገጥኩ።

መጀመሪያ ሽሽሽ አለች። እሱን ጠብቄዋለሁ። ከሽሽታው ሥር ግን ሰው አለ። ጉንፋን የያዘው ዜና አንባቢ ይመስላል፤ አፍንጫው ተይዞ፣ በቆርቆሮ ውስጥ ሆኖ፣ ግን ቃል በቃል ይሰማል። «...በዛሬው ዕለት... ቀይ ሽንኩርት በኪሎ...»

ድራመሩ ደንግጦ ሲምባሉን መታው። ጫሽ!

ቁጥሩ ሲምባሉ ሥር ገባ።

ሲምባሉ ሲበርድ ፊት ለፊት ያሉ ባለከዘራ አዛውንት እጃቸውን አወጡ። ትምህርት ቤት እንዳለ ተማሪ። «ይቅርታ ልጄ፣ ስንት አለ?» አብረዋቸው ያሉት እናት ክንዳቸውን ያዝ አደረጉና «ዝም በል እስቲ፣ ቲማቲሙን ሊናገር ነው» አሏቸው።

ቤቱ ፈረሰ። በሳቅ።

ለማጥፋት ረገጥኩ። በድንጋጤ ሁለት ጊዜ ረግጫለሁ መሰለኝ፣ ጠፍታ ተመልሳ በራች። ሰውየው «በኩንታል ደግሞ» አለና በሦስተኛው ርግጫ ተሰናበተ። ሶሎውን ያለ ፔዳል ተጫወትኩ። ልብሱን ወንዝ የወሰደበት ሰው ታውቃላችሁ? እንደሱ። የመጨረሻውን ኖታ ስይዝ ከባንኮኒው በኩል አንዱ «ሁለት ኪሎ መዝንልኝ!» አለ። ያመሸንበት ጭብጨባ በሙሉ ለሱ ሆነ።

ልብ በሉ፣ አትክልት ተራ ከፒያሳ የተነሣው በ2012 ነው። በኮሮና ጊዜ መጀመሪያ ጃንሜዳ ወሰዱት፣ ከዚያ ሃይሌ ጋርመንት። ከዚያ ወዲህ እዚያ ሰፈር የሽንኩርት ዋጋ በአደባባይ የጠራሁ የመጀመሪያው ሰው እኔ ሳልሆን አልቀርም። በአምፕ።

ማታውኑ የባንዳችን የቴሌግራም ግሩፕ ስሙ «አትክልት ተራ» ተብሎ ተቀየረ። ኪቦርዲስቱ እሑድ ጧት ደውሎ «ዛሬ በርበሬ እንዴት ዋለ?» አለኝ። ድምፃዊቷ አልሳቀችም። እሷ አለመሳቋ ነው የበለጠ ያመመኝ።

ሰኞ ወደ ቸርችል ቁልቁል ስትወርዱ አንድ ጥግ ላይ አምፕና ሬዲዮ የሚጠግኑ ሰውዬ ጋ ሄድኩ። ጋሼ ፔዳሏን አልከፈቷትም። ታሪኩን እያወራሁ፣ አንድ አሮጌ ራዲዮን ገልብጠው እየበየዱ፣ ቀና ሳይሉ «ኬብልህ ስንት ሜትር ነው?» አሉኝ።

ስድስት።

«ከየት ገዛኸው?»

ኬብሉን የገዛሁት መርካቶ ነው። ሻጩ «ኦሪጅናል ነው» ብሎኛል። መቼም በዚህ ከተማ «ኮፒ ነው» ብሎ የሸጠላችሁ ሰው ካለ አስተዋውቁኝ፣ ሻይ ልጋብዘው። ሁሉ ኦሪጅናል ነው። ጫማው ኦሪጅናል፣ ቻርጀሩ ኦሪጅናል፣ በአንድ መደርደሪያ ላይ አንድ ዓይነት ኬብል በሦስት ዋጋ ተሰቅሎ ሦስቱም ኦሪጅናል። ጋሼ የጃኩን፣ ማለት የኬብሉን ጫፍ መሰኪያ፣ ቆብ ፈትተው አሳዩኝ። በሽቦው ዙሪያ ጥቅጥቅ ብሎ መጠምጠም ያለበት የመዳብ መረብ፣ አራት አምስት ፀጉር ብቻ ነው። አያት ጢም ላይ የቀረ ሽበት ይመስላል።

ነገሩን በቀላሉ አስረዱኝ። ፈዝ ትንሿን ድምፅ እጅግ አብዝቶ የሚያጎላ ነገር ነው። መከላከያ የሌለው ስድስት ሜትር ሽቦ ሲገኝ አንቴና ሆነ። ፔዳሏ ውስጥ ያለው የመጀመሪያው ትራንዚስተር (ድምፅ የሚያጎላው ትንሽ ዕቃ) ደግሞ የኤ ኤም ሞገድ ሲመጣበት እንደ ድሮ ሬዲዮ ድምፁን ከሞገዱ ለይቶ ያወጣዋል። ኤፍ ኤም ቢሆን በዚህ መንገድ አይናገርም ነበር። የግድግዳው ሶኬት ኧርዝ ከሌለው ይብሳል። ጊታሩ ሲጫወት ሙዚቃው ሬዲዮውን ይሸፍነዋል፤ ዝም ሲል ይወጣል። መድኃኒቱ? ጥሩ ኬብል፣ ደግሞም ፔዳሏ መግቢያ ላይ የሬዲዮውን ሞገድ የምታስቀር፣ ምስር የምታክል ካፓሲተር የምትባል ዕቃ።

ምስር የምታክል!

አመስግኜ ስወጣ ጋሼ ጠሩኝ። ቀና ብለው፣ መነጽራቸውን አውልቀው።

«ለመሆኑ ስንት አለ?»

እሺ፣ ኬብሉ የኔ ጥፋት ነው። እሱን አምኛለሁ። ግን ባለኮፍያውን አልለቀውም። ሰኞ ማታ ቪዲዮውን ለአሥረኛ ጊዜ ከፈትኩት። በዚህ ጊዜ እንደ መርማሪ ነበር የማየው።

በአሥራ ስምንት ደቂቃ ውስጥ ሰውየው ፔዳሏ በርታ እጁን ከክሩ ላይ አንሥቶ ዝም ያለበት አንድ ሰኮንድ የለም። አንድ! ተጫውቶ ሲያቆም ቪዲዮው ይቆረጣል፣ ፊቱ ይመጣል፣ ያወራል። ዝምታዋን ቆርጦ ጥሎታል። እኔ ያፈርኩት ደግሞ እዚያችው ዝምታ ላይ ነው።

የሰማሁትስ ምኑን ነው? ፊቱ ትልቅ ባለ ቱቦ አምፕ አለ፣ አምፑ ፊት ማይክ ተደቅኗል። ሹር ኤስ ኤም 57 ናት፤ ከ1965 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ያለች ጎበዝ ማይክ። ከማይኩ ኮምፒውተር፣ ኮምፒውተሩ ላይ ወፍራሙ ተቀንሶ ቀጭኑ ተጨምሮ፣ ከዚያ ዩቲዩብ ጨምቆት፣ ከዚያ የኔ ስልክ። አሥር ሰው ተቀባብሎት የደረሰ ወሬ አምኜ 99 ዶላር አወጣሁ።

ሌላም አለ። ፔዳሏ ስትበራ ከጠፋችው ይልቅ ትንሽ ትጮኻለች። ትንሽ ብቻ። ፍሌቸርና መንሰን የሚባሉ ሰዎች በ1933 እ.ኤ.አ. ያወጡት ጥናት አለ፤ ድምፅ ዝቅ ሲል ጆሯችን ወፍራሙንና ቀጭኑን ድምፅ ቀድሞ ያጣዋል። ከፍ ሲል ሁሉም ይሞላል፣ ያምራል። የድሮ ካሴት ቤት ሻጮች ይህን ጥናት ሳያነቡ ያውቁት ነበር። ደንበኛ ሲገባ ቮልዩሙን ከፍ ነው።

ጣቱንም አትርሱ። ያንን ሰውዬ የሽሮ ድስት ላይ ክር ወጥራችሁ ብትሰጡት ያስለቅሳችኋል። የሚጫወተው ግን ብሉዝ ብቻ ነው። ትዝታን፣ ባቲን፣ አንቺሆዬን ማን ሞክሮባት ያውቃል?

ገንዘቡን በተመለከተ አልዋሸም፣ ይህ ነው የሚያናድደው። የአሜሪካ ሕግ ጥቅም ያገኘ ገምጋሚ እንዲናገር ያስገድደዋል፤ ሦስተኛው ደቂቃ ላይ ተናግሯል። «ክፍያ አልተቀበልኩም፣ ፔዳሏን ብቻ ልከውልኝ ነው፤ ከታች ባለው ሊንክ ከገዛችሁ ትንሽ ኮሚሽን አገኛለሁ።» ዘጠኝ ጊዜ አልፌዋለሁ። ዳታ ለመቆጠብ ወሬውን እየዘለልኩ ነበር የማየው። ፔዳሏን ብቻ! ድግስ ተጠርቶ፣ ጠግቦ፣ የቀረውን በፌስታል ይዞ እየወጣ «ወጡ ጨው አንሶታል» የሚል እንግዳ አይታችሁ ታውቃላችሁ? እኔ አላየሁም። «እጃችሁ ይባረክ» ነው የሚባለው። ባለኮፍያውም ያለው እሱን ነው፣ በእንግሊዝኛ።

ትናንት ማታ መብራት ጠፋ። እናቴ ዜና ካልሰማች አትተኛም፣ የሬዲዮዋ ባትሪ ደግሞ አልቋል። የቅዳሜውን ታሪክ ከእህቴ ሰምታለች፤ ሁለት ቀን ሙሉ ስትጠይቀኝ የነበረው «አፈርክ ወይ?» ብላ ሳይሆን «ቁጥሩን እንዴት አልሰማህም?» ብላ ነው።

«ያቺን ቀይ ነገር ሰካት እስቲ» አለችኝ። «ሁለት ሰዓት ሞላ።»

«እማ፣ እሷ እኮ ሬዲዮ አይደለችም።»

«ለሰው ስትሆን ሬዲዮ ነች፣ ለኔ ሲሆን አይደለችም?»

ሰካኋት። ትንሿ አምፕ በባትሪ ትሠራለች። ያንኑ የመርካቶ ስድስት ሜትር ኬብል ዘረጋሁ፤ በኮሪደሩ እስከ ኩሽና ደረሰ። በሻማ ብርሃን ሁለታችንም ጎንበስ ብለን ጠበቅን። ሽሽሽ አለች። ወደ መስኮቱ ወሰድኳት። ሽሽሽ። እናቴ የኬብሉን ጫፍ ይዛ ወንበር ላይ ወጣች። ሽሽሽ።

ቅዳሜ ዕለት መቶ ሰው ፊት አፏን የከፈተችው፣ እናቴ ስትጠይቃት አንድ ቃል።

እናቴ ከወንበሩ ወረደች። ፔዳሏን በነጠላ ጫማዋ ጫፍ ወደ ግድግዳው ገፋ አደረገቻትና ሻማውን ይዛ ገባች። እኔ ጨለማው ውስጥ ኬብል መጠቅለል ጀመርኩ።

«ባትሪ ገዝተህ ና ነገ» አለች ከውስጥ። «ሽንኩርትም አልቋል።»