እሬቴን በውሃ የገደልኩ ሰሞን

የመጀመሪያዋ እሬቴ የሞተችው ውሃ ጠጥታ ነው። ያጠጣኋት ደግሞ እኔ ነኝ።

ሰኔ መጨረሻ ነበር። መንገድ ዳር ችግኝ ከሚሸጡት ሰዎች ከአንዱ ጣት የምታክል እሬት ገዛሁ። ቤት ስደርስ ባዶ የዱቄት ወተት ጣሳ ውስጥ ተከልኳት። ጣሳው ቀዳዳ የለውም። እንዲያውም ወለሉ አይረጥብብኝም ብዬ ደስ ብሎኝ ነበር። መስኮት ላይ አስቀምጬ በየሁለት ቀኑ አንድ የሻይ ብርጭቆ ውሃ አጠጣት ጀመር።

ሐምሌ ሲጋመስ የታችኛው ቅጠል ለሰለሰ። የጠማት መሰለኝና ጨመርኩላት። በሳምንቱ ቅጠሉ የተቀቀለ ሽንኩርት መሰለ፤ ስነካው እጄ ላይ ቀረ። ስነቅላት ሥሯ በስብሷል፣ አፈሩም ይሸታል።

ለእናቴ ደውዬ ብነግራት ሳቀች። «አንተን ጡት ያስጣልኩህ እኮ በእሬት ነው! አጥር ጥግ ድንጋይ ላይ በቅላ ማን ውሃ አጠጣት?»

ነገሩ ወዲህ ነው። እሬት ውሃዋን የምታጠራቅመው ቅጠሏ ውስጥ ነው። ውሃው እንዳይተንባት ቀን የቅጠሏን ቀዳዳዎች ዘግታ ትውላለች፤ አየር የምታስገባው ማታ ነው። የሚበቃት ትንሽ ነው። በአዲስ አበባ ክረምት ደግሞ ፀሐይ የለም፣ አፈሩ በሳምንትም አይደርቅም። አየር ያጣ ሥር ይበሰብሳል። የበሰበሰ ሥር ውሃ መሳብ ስለማይችል ቅጠሉ የተጠማ ይመስላል። እኔን ጉድ የሠራኝ ይሄ ነው።

ለሁለተኛዋ ጣሳውን በሚስማር ስድስት ቦታ በሳሁት። አፈሩን ግማሽ በግማሽ ከፑሚስ ጋር ቀላቀልኩ፤ ያ ብሎኬት የሚሠራበት ቀላል ጠጠር። ሰፈራችን ግንባታ አይጠፋም፣ ዘበኛውን ለምኜ አንድ ፌስታል ወሰድኩ። ከዚያ በኋላ ክረምቱን በሙሉ ሁለቴ ብቻ ነው ያጠጣኋት። በበጋም ቀን አልቆጥርም። ጣሳውን ብድግ አድርጌ ክብደቱን አያለሁ። ከቀለለኝ ከታች እስኪንጠባጠብ አጠጣለሁ፤ ካልቀለለኝ እተዋታለሁ። ብዙ ጊዜ ሁለት ሦስት ሳምንት ትቆያለች። ቅጠሏ ሳስቶ ወደ ውስጥ ሲታጠፍ ግን እውነትም ጠምቷታል።

መስከረም ላይ ፀሐይ ስትወጣ ደግሞ ሌላ ጥፋት አጠፋሁ። ቀጥታ በረንዳ ላይ አወጣኋት። ከባሕር ወለል በላይ 2,300 ሜትር ላይ የቀትር ፀሐይ ቀልድ አይደለም፤ በሦስት ቀን ቅጠሏ ጡብ መሰለ። የጠዋት ፀሐይ ብቻ ወደሚያገኛት ጥግ መለስኳት። አረንጓዴነቷ እስኪመለስ ከወር በላይ ፈጀ።

በዓመቷ ከሥሯ ሁለት ልጆች አወጣች። አንዷን በቢላ ለይቼ በዕለቱ ተከልኳት፣ የተቆረጠችበት ቦታ በስብሶ ሞተች። ሁለተኛዋን አራት ቀን ጥላ ውስጥ አስተኝቼ ቁስሏ ሲደርቅ ተከልኳት። አሁን ከእናቷ አጠገብ ናት። ሥር ሰደደች አልሰደደች ብዬ በየቀኑ እየሳብኩ አሰቃይቻት ነበር፤ እናንተ እንዳታደርጉት።

ባለፈው ጀበና ሳወርድ እጄን ለበለበኝ። በቀዝቃዛ ውሃ አቆየሁትና አንድ ቅጠል ቆረጥኩ። መጀመሪያ የሚወጣው ቢጫ ፈሳሽ ሆድ የሚያስሮጠው ስለሆነ ቅጠሉን ዘቅዝቄ አንጠፈጠፍኩትና መሃሉ ያለውን ጥርት ያለ ዝልግልግ ቀባሁ። ቢጫው ግን ጣቴን ነክቶት ኖሮ ሳላስበው ላስኩት። ቡናም ስኳርም ምሬቱን አላስለቀቀኝም።

ደወልኩላት። «እማዬ፣ ጡት ለመተው ስንት ቀን ፈጀብኝ?»

«ምን ቀን አለው? በአንዴ ነው የተውከው።»