ዘከመ፦ ባሕር ዳር ላይ የሠዓሊያን ማኅበራችንን ዓመታዊ ዐውደ ርእይ ስናዘጋጅ

በመጀመሪያው ዐውደ ርእያችን በሦስተኛው ቀን ከሰዓት በኋላ፣ አዳራሹ ጭር ባለበት ሰዓት፣ አንዲት እናት ከልጅ ልጃቸው ጋር መጡ። ደፉ ላይ ቆመው «ጫማ ይወለቃል?» አሉኝ። «አይወለቅም እማማ፣ ይግቡ» አልኳቸው። ነጠላቸውን አስተካክለው ገቡና ከአንዱ ሥዕል ወደ አንዱ ይሄዱ ጀመር። ሁሉም ጋ ሲደርሱ በመጀመሪያ ከሥዕሉ ሥር ያያሉ፣ ከዚያ ቀና ይላሉ። ከሥር የለጠፍነውን ወረቀት የልጅ ልጃቸው ያነብላቸዋል፦ «ርእስ አልባ 3፣ አክሪሊክ በሸራ፣ 80 በ60»። «እሱስ ይሁን፤ ምኑ ነው?» ይላሉ። ልጁ ዝም። እኔም በሩ አጠገብ ቆሜ ዝም።

የእኔ ሥዕል ጋ ደረሱ። ጣና ላይ እንጨት ጭኖ የሚመጣ የደንገል ታንኳ ነው። ብዙ አዩት። «ይኼ ከዘጌ ነው የሚመጣ?» አሉኝ። «አዎ እማማ፣ እንጨት ጭኖ ሲገባ ነው።» ራሳቸውን ነቀነቁ። «አይደለም ልጄ። እንጨት የጫነ ታንኳ ወደ ውኃው ይሰምጣል፤ እግርህ እስኪርስ ድረስ። ይኼ ባዶውን ነው።»

እውነታቸውን ነበር። ታንኳውን የሣልኩት ሐይቁ ዳር ባዶውን ታስሮ ካነሣሁት ፎቶ ነው። እንጨቱን ቤቴ ተቀምጬ ጨመርኩበት። ውኃው ግን የት መድረስ እንዳለበት አላሰብኩም። ይህ የሥራዬ ስሕተት ስለሆነ ማረም እችላለሁ። ሌሊቱን እንቅልፍ የነሳኝ ግን ሌላው ነው፤ ሴትዮዋ ጣና ማዶ ያለው የዘጌ ሰው ናቸው፤ ሥዕል ማየት አሳምረው ያውቃሉ። ዘጌ ያደገ ሰው ከልጅነቱ ጀምሮ ኡራ ኪዳነ ምሕረትን የመሰለ ደብር ውስጥ፣ በጨርቅ ላይ ተሥሎ መቅደሱ ግድግዳ ላይ የተለጠፈ ሥዕል እያየ ነው የሚያድግ። ጻድቁ በሁለት ዓይኑ ፊት ለፊት እንደሚያይ፣ ክፉው በጎን ተሥሎ አንድ ዓይኑ ብቻ እንደሚታይ ማንም ሳያስተምረው ያውቃል። ከሥዕሉ አጠገብም በግእዝ «ዘከመ» ብሎ የሚጀምር ጽሑፍ አለ፦ እንዴት እንደተወለደ፣ እንዴት እንደሰቀሉት፣ ሰማዕቱ ዘንዶውን እንዴት እንደወጋው። ማንበብ የማይችል ካህኑን ይጠይቃል። እማማ ወደ ታች እያዩ የፈለጉት ያንን «ዘከመ» ነበር። እኛ የሸራውን ቁመትና ወርድ ጻፍንላቸው።

በክልሉ የሠዓሊያን ማኅበር ውስጥ ለሦስት ዓመት ፀሐፊ ሆኜ ሠርቻለሁ። ሦስቱንም ዐውደ ርእይ ሳዘጋጅ የተማርኩትን የምጽፈው በሌላ ከተማ ማኅበር አቋቁመው «ከየት እንጀምር?» ለሚሉ ባልደረቦቼ ነው። ስለ ምዝገባ፣ ስለ መተዳደሪያ ደንብና ስለ ማኅተም ብዙ አልልም። ቢሮ ሄዳችሁ ስትጠይቁ ይነግሯችኋል፤ ትዕግሥት ብቻ ይዛችሁ ሂዱ። አስቸጋሪው ነገር ማኅተሙ ከተገኘ በኋላ ነው የሚጀምረው።

አባሎቻችን የተለያዩ ናቸው። ከአዲስ አበባው የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት፣ ሠዓሊው አለ ፈለገ ሰላም በ1950 ከመሠረቱት፣ ተመርቀው የመጡ አሉ። የሥዕል መምህራን አሉ። የሱቅ ታፔላና የባጃጅ ጀርባ ሲጽፉ ኖረው እጃቸው የተፈታ አሉ። የቤተ ክርስቲያን ሠዓሊዎችም አሉ። በአንድ መዋጮ፣ በአንድ ደንብ ይተዳደራሉ፤ «ሥዕል» ሲሉ ግን ሁሉም የሚሉት አንድ ነገር አይደለም። የመጀመሪያው ጥፋታችን የመጣው ከዚህ ነው።

ሥራ ለመምረጥ አምስት ሰው መረጥን፤ አምስታችንም ተመራቂዎች ነበርን። አንድ መሪጌታ የቅዱስ ጊዮርጊስን ሥዕል አመጡ። ከመካከላችን አንዱ «ይህ ቅጂ ነው፣ ፈጠራ የለበትም» አለ። ሌሎቻችን አልተከራከርንም። ሥዕሉ ተመለሰ፤ የመለስነውም በዘበኛ እጅ ነው። መሪጌታ ለአራት ወር ስብሰባ ቀሩ። በኋላ ከሁለት አባላት ጋር ሆነን ይቅርታ ለመጠየቅ ቤታቸው ሄድን። ቡና አስፈልተው ጠበቁን። «ሥዕሌን አለመስቀላችሁ አልከፋኝም» አሉ። «ምክንያቱን ሰው መጥቶ አለመንገሩ ነው የከፋኝ።»

ከዚያ ወዲህ ሕጉን ቀየርነው። መዋጮውን የከፈለ አባል ሁሉ ሦስት ሥራ ያቀርባል፤ አንዱ ያለ ምርጫ ይሰቀላል። የማኅበር ዐውደ ርእይ ነውና አባሉ ቦታ ሊያጣበት አይገባም። ቀሪውን የሚመርጡ ሦስት ሰዎች ናቸው፤ አንዱ ከማኅበሩ ውጪ፣ አንዱ ከቤተ ክርስቲያን ሠዓሊዎች፣ አንዱ ከተመራቂዎች። የተመለሰበት ሰው ምክንያቱን በአካል ይሰማል። ደንቡ የሚጻፈው ሥዕል መቀበል ከመጀመሩ በፊት ነው፤ ሥዕሎቹ ከታዩ በኋላ የሚወጣ ደንብ ማንን ለማስቀረት እንደወጣ ሁሉም ይገምታል።

ጊዜ አመራረጣችንም የተሳሳተ ነበር። የመጀመሪያው ዓመት መምህራኑ ዕረፍት ላይ ናቸው ብለን ነሐሴን መረጥን። የነሐሴን ዝናብ የሚያውቅ ሰው ቢጠይቀን ኖሮ ይመክረን ነበር። ብዙዎቻችን የምንሥልበት አቡጀዲ ኮላና ነጭ ቀለም የተቀባ ነው። እርጥበት ሲያገኘው ይላላል፤ ፍሬሙ ላይ ተወጥሮ የገባው እንደ ሆድ ተነፋ። ካልደረቀ ባሕር ዛፍ የተሠራው ፍሬም ደግሞ ተጣመመ፤ አንድ ጥሩ ሥራ አራቱ ማዕዘን ግድግዳውን መንካት አቅቶት ሦስቱ ብቻ ነኩ። ሰውም በዝናብ አልወጣም።

በሁለተኛው ዓመት ወደ ጥር አዛወርነው። ጥር 11 ጥምቀት ነው፤ ጎንደር ሰው ይጎርፋል። ጥር 23 ደግሞ እንጅባራ ላይ የአገው ፈረሰኞች በዓል አለ። ባሕር ዳር ከሁለቱ መካከል፣ መንገዱ ላይ ናት። ስለዚህ ጥር 13 ከፍተን ጥር 22 ዘጋን። ከጎንደር የሚመለስ ያየናል፣ ወደ እንጅባራ የሚወርድም ያየናል። በዝናቡ ወር ቀኑን ሙሉ ከሚገባው ሰው ይልቅ በጥር በአንድ ጠዋት የገባው በለጠ። መምህራኑ በፈረቃ ተራ ገቡ።

የአዳራሹ ባለቤት ሚስማር እንዳንመታ ከለከለ፤ ግድግዳው አዲስ ተቀብቶ ነበርና አልፈረድንበትም። አናጺ ጠይቀን የነገረን የቺፑድ ማቆሚያ ዋጋ ከካዝናችን በላይ ሆነ። የዳንነው በእንጅባራ ቀርከሃ ነው። የአዊ ደጋ የቀርከሃ አገር ነው፤ መንገድ ዳር ወንበሩም አልጋውም ይሸጣል። አሥራ ሁለት ማቆሚያ አሠራን፤ እግራቸው ተንፈርክኮ የሚቆም፣ ላያቸው ላይ አቡጀዲ የተወጠረ፣ ከላይ የሽቦ መስቀያ ያለው። አንድ ሰው ብቻውን ያነሳዋል። ግን ልብ በሉ፦ ቀርከሃው እርጥብ ከሆነ ቤት ውስጥ ሲደርቅ ይሰነጠቃል። ሁለቱ ሌሊት ላይ ጧ ብለው ተሰነጠቁብን። አሁን ከወር በፊት ገዝተን ጥላ ሥር እናደርቀዋለን።

አሰቃቀሉም ዘዴ አለው። መጀመሪያ የሥዕሎቹን አናት በአንድ መሥመር አስተካክለን ሰቀልን፤ ትልልቆቹ ወደ መሬት ወረዱ፣ ትንንሾቹ ወደ ላይ ሸሹ። አሁን የእያንዳንዱን ሥዕል መሐል ከወለሉ 1 ሜትር ከ50 ላይ እናውላለን። ክር ወጥረን በእርሳስ እንለካለን። ፀሐይ የምትጠልቅበት መስኮት ፊት የዘይት ቀለም አይሰቀልም፤ ከሰዓት በኋላ ያብረቀርቅና ምንም አይታይም። መብራትም ይሄዳል፤ ስለዚህ ጨለም ያሉትን ሥራዎች በጎን ብርሃን በሚያገኙበት ቦታ እናደርጋለን።

ከሩቅ ዞን የሚመጣ ሥራ ትልቁ ጭንቀቴ ነው። ከደብረ ታቦር የመጣ አንድ ሥዕል ሚኒባስ ጣራ ላይ ከጤፍ ኩንታል ሥር ተጭኖ ደረሰ። ሸራው ጥግ ላይ ተቀዶ ነበር። ሠዓሊው ስልክ ደውሎ «ደረሰ ወይ?» ሲለኝ የምመልስለት ጠፋኝ። አሁን ሁለት ሁለቱን ፊት ለፊት አጋጥመን፣ መሐላቸው እንዳይነካካ ጥግ ጥጋቸው ላይ እንጨት አድርገን፣ ብርድ ልብስ ጠቅልለን ነው የምናመጣው። ከየዞኑም አንድ አባል አብሯቸው ይሳፈራል። ለእሱ የሚወጣው ትራንስፖርት ከበጀቱ ውስጥ የመጀመሪያው መሥመር ነው፤ ከባነርም ከመስተንግዶም በፊት።

ወደ ጽሑፉ ልመለስ፤ ለእኔ ከሁሉ የሚበልጠው እሱ ነው። በሁለተኛው ዓመት ለእያንዳንዱ አባል አንድ ጥያቄ ላክሁ፦ «ይህን ሥዕል ለእማማ ብትነግሪያቸው፣ ብትነግራቸው፣ ምን ትያለሽ፣ ምን ትላለህ?» ከሁለት ዓረፍተ ነገር እንዳይበልጥ። ብዙዎቹ ተቃወሙ። «ሥዕል ራሱ ይናገር» አሉ። ክርክሩ ጠንካራ ነበር፤ እኔም ሙሉ በሙሉ ሐሰት ነው አልልም። ከተቃወሙት አንዷ ቀለም ብቻ የምትሥል ወጣት ናት፤ ሰውም ዛፍም የለበትም ሥራዋ። ሠዓሊው ገብረ ክርስቶስ ደስታ ከጀርመን ተመልሶ በ1950ዎቹ አጋማሽ ሥራውን አዲስ አበባ ሲያሳይ «ይህ ምንድን ነው?» ያለው ሰው ብዙ እንደነበር አነሣችልን። «እሱ አላብራራም» አለች። ተሟገትን። በመጨረሻ የጻፈችው ይህ ነበር፦ «ክረምቱን ታምሜ ተኝቼ የመስኮቱን መጋረጃ ብቻ ሳይ የከረምኩት ቀለም ነው።» በዚያ ዓመት ሰው ከፊቱ አልነቃነቅ ያለው ሥዕል የእሷ ነው። ሴቶች ቆመው ስለ ሕመማቸው ሲያወሩ በጆሮዬ ሰምቻለሁ።

ጽሑፎቹን በእጅ የጻፉልን መሪጌታ ናቸው፤ የአማርኛውን በጥቁር፣ የመጀመሪያዋን ቃል በቀይ፣ እንደ ብራና መጽሐፍ። የእሳቸው ቅዱስ ጊዮርጊስም በዚያ ዓመት ተሰቀለ።

ስፖንሰርን በተመለከተም ከአብያተ ክርስቲያናቱ ተምረናል። በመጀመሪያው ዓመት ገንዘብ የሰጠን ድርጅት ባነር ከመግቢያው ፊት ለፊት ያለውን ግድግዳ በሙሉ ያዘው፤ የመጀመሪያው ሥዕል ከባነሩ ጀርባ ነበር። ጥፋቱ የእኛ ነው፤ ውል ሳንጽፍ ብሩን ተቀበልን። ጣና ላይ ደሴት ውስጥ ባለው በናርጋ ሥላሴ እቴጌ ምንትዋብ ቤተ ክርስቲያኑን ያሠሩት እሳቸው ሆነው ሳለ፣ የተሣሉት ከእመቤታችን እግር ሥር ወድቀው ነው። ለስፖንሰሮች ይህንን እነግራቸዋለሁ፤ ስማቸው በካታሎጉ የመጨረሻ ገጽና ከመውጫው በር አጠገብ ይጻፋል። አንድ ድርጅት ትቶን ሄደ፤ ሌሎቹ ግን ተስማምተው ሰጡን።

ዋጋ ጻፉ። አለመጻፍ ጨዋነት መስሎን ነበር፤ ሰው ግን ለመጠየቅ ያፍራል፣ ወይም ከአቅሜ በላይ ነው ብሎ ይሄዳል። ከተሸጠው ማኅበሩ ከመቶ 15 ይወስዳል፤ ለሠዓሊው ገንዘቡ ዐውደ ርእዩ በተዘጋ በሳምንቱ ባንክ ይገባል። በመጀመሪያው ዓመት ሁለት ወር አዘግይተንባቸው ነበር፤ ያንን እምነት መልሶ ለማግኘት ዓመት ፈጀብን። በደረሰኙ ላይ ደግሞ ገዢው ሥዕሉን እንጂ የማባዛት መብቱን እንዳልገዛ እንጽፋለን፤ የቅጂ መብት አዋጅ ቁጥር 410/1996 ሥዕልንም ይጠብቃል። ይህን የጨመርነው የአንድ አባላችን ሥራ ሳያውቀው ካላንደር ላይ ታትሞ ካገኘው በኋላ ነው።

ታንኳውን እንደገና ሣልኩት። ለዚህም ማለዳ በጀልባ ዘጌ ተሻግሬ፣ እንጨት የሚጭኑትን ሰዎች ቀኑን ሙሉ ተቀምጬ አየሁ። ሲጭኑ ደንገሉ ቀስ እያለ ይሰምጣል፤ ቀዛፊው ሲወጣበት ውኃው በእግሩ ጣቶች መካከል ይገባል። በሦስተኛው ዓመት ያንን ሰቀልኩ። መሪጌታ ብራናቸውን ይዘው መጡና «ያንተስ ምን ይባል?» አሉኝ። ነገርኳቸው። በቀይ ቀለም «ዘከመ» ብለው ጀመሩና በጥቁሩ ቀጠሉ፦ «የዘጌ እናት እንዳስተማሩኝ፣ እንጨት የጫነ ታንኳ ማታ ሲገባ።»