ያረጀ ማሊያ የትራስ ልብስ ሲሆን

ለጓዳ የተረፈ ማሊያ ካለ 40 በ40 ሴንቲሜትር ለሆነ ትራስ ይበቃል። እኔ የምሰፋው በአንዱ ፊት አርማው፣ በሌላው ቁጥሩ እንዲታይ አድርጌ ነው፤ መዝጊያው ታች ጠርዝ ላይ የሚውል ዚፕ ይሆናል። ከኋላ ሁለት ጨርቅ የሚደራረብበት አሠራር ይቀላል፣ ግን ቁጥሩን መሃል ለመሃል ይከፍለዋል። ፊርማ ያረፈበት ማሊያ ለዚህ ሥራ አይሆንም፤ እሱ ፍሬም ውስጥ ገብቶ ይሰቀል።

መቀስ ከማንሳቴ በፊት እለካለሁ። የአዋቂ ማሊያ ቁጥር ብዙውን ጊዜ ከ25 እስከ 35 ሴንቲሜትር ቁመት አለው፤ የተጫዋቹ ስም ሲጨመርበት ከትራሱ ሊያልፍ ይችላል። እንደዚያ ከሆነ ወይ ስሙን መተው ነው ወይ ትልቅ ትራስ መፈለግ። ኅትመቱ ከስፌቱ መስመር ቢያንስ 2 ሴንቲሜትር ይራቅ፤ ትራሱ ሲገባ ጠርዙ ስለሚጎብጥ በጣም የተጠጋ ቁጥር ወደ ጎን ዞሮ ይደበቃል።

ማሊያው ያለ ማለስለሻ ይታጠባል። ማለስለሻ ጨርቁ ላይ የሚተወው ቅባት ኋላ የሚለጠፈው ማጠንከሪያ ሙጫ እንዳይዝ ያደርጋል። ከዚያ የጎኑንና የትከሻውን ስፌት ቆርጬ ፊትና ጀርባውን እለያለሁ፣ ግን ገና በልክ አልቆርጥም። ማሊያ ይለጠጣል፤ ጠርዙም እንደተቆረጠ ይጠቀለላል፤ ማጠንከሪያ ሳይለጠፍበት በካሬ የተቆረጠው የስፌት መኪናው ስር ሲደርስ ካሬ ሆኖ አይገኝም። ስለዚህ መጀመሪያ በጀርባው በኩል 45 በ45 የሆነ፣ በካውያ የሚለጠፍ ስስ ማጠንከሪያ አለጥፋለሁ፤ 42 በ42 የምቆርጠው ከዚያ በኋላ ነው። ለስፌት በየጎኑ 1 ሴንቲሜትር ይቀራል ማለት ነው።

ብዙ ማሊያ የሚበላሸው ካውያ ላይ ነው። ፖሊስተሩም የተለጠፈው ቁጥርም ሙቀት አይችሉም። ኅትመቱን ወደ ታች ገልብጬ ከስሩ የመጋገሪያ ወረቀት፣ ከላይ ስስ የጥጥ ጨርቅ አደርጋለሁ። ካውያውን በሙቀት ማስተካከያው ላይ ካለው አንድ ነጥብ እጀምራለሁ፤ ካልያዘ ወደ ሁለት ነጥብ ከፍ አደርገዋለሁ እንጂ ከዚያ አላልፍም። ካውያው አይገፋም፦ ይቀመጣል፣ ወደ 10 ሰከንድ ይጫናል፣ ይነሳል፣ ቀጥሎ ያለው ቦታ ላይ ያርፋል። ከተገፋ ጨርቁ ይለጠጥና እንደተለጠጠ ይጣበቃል፤ ያ እጥፋት ደግሞ አይወጣም። ሙጫው የሚጠነክረው ሲቀዘቅዝ ስለሆነ ቶሎ አላነሳውም። እጅጌው መሞከሪያ ነው፤ ሙቀቱም ስፌቱም መጀመሪያ እሱ ላይ ይታያል።

መርፌው ለሚለጠጥ ጨርቅ የተሠራ፣ ጫፉ ዶልዶም ያለ፣ ቁጥር 75 ወይም 80 ይሁን። ሹል መርፌ የጨርቁን ክር ገፍቶ በማለፍ ፈንታ ይበጥሰዋል፤ ቀዳዳ ይተዋል፣ መኪናውም ስፌት ይዘላል። ክሩ ፖሊስተር፣ ስፌቱ 2.5 ሚሊሜትር ርዝመትና ከ0.5 እስከ 1 ሚሊሜትር ስፋት ያለው ጠባብ ዚግዛግ። በስፒል ፋንታ ጠርዙን በመቆንጠጫ እይዛለሁ፤ ኅትመት ላይ የተወጋ ቀዳዳ አይደፈንም።

ለዚፑ ሁለቱን ጨርቆች ፊት ለፊት አጋጥሜ የታችኛውን ጠርዝ ከሁለቱም ጫፍ 4 ሴንቲሜትር አጥብቄ፣ መሃሉን 34 ሴንቲሜትር ደግሞ ላላ ባለ ረጅም ስፌት እሰፋለሁ። ስፌቱን ከፍቼ 35 ሴንቲሜትር ዚፕ በግንባሩ አስተኛለሁ፣ ሁለቱን ጎን ለዚፕ በሚሆነው የመኪና እግር እሰፋለሁ፣ ከዚያ ላላውን እተረትራለሁ። ቀሪዎቹ ሦስት ጎኖች ከመዘጋታቸው በፊት ዚፑ እስከ ግማሽ ይከፈት፤ አለዚያ ልብሱን መገልበጫ የለም።

ስፌቱ ማዕበል ከሠራ የመኪናው እግር ጫና በዝቷል፤ መቀነሻ ከሌለው ከጨርቁ ስር ስስ ወረቀት አድርጎ መስፋትና ኋላ ቀዶ ማውጣት ነው። ማዕዘኖቹ እንደ ጆሮ ቀጥ ብለው እንዳይቆሙ፣ ከማዕዘኑ 10 ሴንቲሜትር ሲቀር ስፌቱን ቀስ በቀስ ወደ ውስጥ አስገብቼ ጫፉ ላይ 1 ሴንቲሜትር አጠበዋለሁ። የውስጡ ጠርዝ በሰፊ ዚግዛግ ይታሰራል።

እጥበቱ ተገልብጦ፣ በ30 ዲግሪ፤ ከዚያ በኋላ ካውያ አይነካውም።